በስኖውደን ራስ ላይ ስለ ቆመው ቤት

ሰው ከፍ ወዳለ ተራራ ወጥቶ የእግዚአብሔርን የእጅ ሥራ ቁልቁል በተመለከተ ጊዜ፥ ከመደነቅ ቀጥሎ ወደ ልቡናው የሚመጣው አሳብ በዚያ ቦታ ቤት ሠርቶ መሰንበት እንደ ሆነ፥ በደብረ ታቦር ላይ የጌታውን ብርሃነ መለኮት አይቶ ሦስት ዳስ ለመሥራት የተመኘው የሐዋርያው የቅዱስ ጴጥሮስ ታሪክ ይመሰክራል። ከዚያ ወዲህም በየዘመኑና በየአህጉሩ መነኮሳት ገዳማቸውን፥ ነገሥታት ዐምባቸውን፥ ነጋዴዎችም የእንግዳ ማረፊያቸውን በተራራ ራስ ላይ ሲሠሩ ኖረዋል። ይሁን እንጂ ቤቱን ማን ይሥራው፥ በማን ገንዘብ ይታነጽ፥ ከታነጸስ በኋላ ዘወትር ማን ይጠብቀው የሚለው ጥያቄ፥ በጥንት ዘመን በንጉሥ ፈቃድ ወይም በምእመናን ስእለት ይፈታ የነበረው፥ በዛሬው ዘመን በምክር ቤት ክርክርና በመንግሥት በጀት የሚወሰን ሆኗል። ይህን ጥያቄ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሟልቶ የሚያሳይ ታሪክ ካላቸው ተራሮች አንዱ በብሪታንያ ደሴት፥ በዌልስ አገር የሚገኘው ስኖውደን ስለሆነ፥ በራሱ ላይ ስለ ቆመው ቤት የሚነገረውን በቅደም ተከተል እንመለከታለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የአገሩ ሰዎች በራሳቸው ቋንቋ ኧር ዊድቫ ብለው የሚጠሩት ይህ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ 1,085 ሜትር ከፍ ያለ ሲሆን፥ ከዌልስም ከእንግሊዝም ተራሮች ሁሉ ይበልጣል። ከ4,500 ሜትር የሚያልፈውን ራስ ደጀንን ለምናውቅ ለእኛ ይህ ቁመት ብዙ ላይመስለን ይችላል፤ ነገር ግን ተራራው ከባሕር ዳር ሳይርቅ ቀጥ ብሎ ስለሚነሣ፥ ከውቅያኖስ የሚመጣው ዐውሎ ነፋስ፥ ጉምና በረዶ ምንም ሳይበርድለት በቀጥታ ያርፍበታል። የጥንት ሰዎች እንደሚተርኩት፥ የነገሥታትን ጢም እየነጨ ካባ ያሠራ የነበረው ሪታ የሚባለው ግዙፍ ሰው በንጉሥ አርተር እጅ ተገድሎ የተቀበረው በዚሁ ተራራ ጫፍ ላይ ነው። በጽሑፍ ከተመዘገቡት ሰዎች መጀመሪያ ወደ ጫፉ የወጣው በ1639 ዓ.ም. ዕፀዋትን ሊሰበስብ የመጣው ሊቅ ቶማስ ጆንሰን ሲሆን፥ በ1791 ዓ.ም. ደግሞ ወጣቱ ባለቅኔ ዊልያም ዎርድስዎርዝ የፀሐይን መውጣት ለማየት በሌሊት ወጥቶ፥ በጉሙ ባሕር ላይ ያየውን የጨረቃ ብርሃን ስለ ሕይወቱ በጻፈው ረጅም ቅኔ ውስጥ አስገብቶታል። እንዲህ ያሉት መጻሕፍት ከተሰራጩ በኋላ፥ ቀድሞ የእረኛና የመዳብ ቈፋሪ መዋያ ብቻ የነበረው ተራራ የመንገደኞች መዳረሻ ሆነ።

መንገደኛ በበዛበት ቦታ የሚበላና የሚጠጣ የሚሸጥ ሰው መምጣቱ የተለመደ ነውና፥ በ1838 ዓ.ም. ሞሪስ ዊልያምስ የተባለ የመዳብ ማዕድን ሠራተኛ በጫፉ ላይ ትንሽ ቤት አቁሞ ደክሞት ለሚደርሰው እንግዳ ምግብና መጠጥ ይሸጥ ጀመር። ብዙም ሳይቈይ ተፎካካሪ ተነሣበት፤ በ1845 ዓ.ም. የሚያሰክር መጠጥ ለመሸጥ ፈቃድ ተሰጠ፤ ጎጆዎቹም ሆቴል ተብለው ለመጠራት በቁ፤ ምንም እንኳ በውስጣቸው የሚገኘው ምቾት ከብርድ ማምለጫ ያህል ብቻ ቢሆንም። በዚህ በመጀመሪያው ዘመን የተራራው ቤት ከመንግሥት ግምጃ ቤት አንዲት ሳንቲም አልወጣበትም። ባለቤቱ ራሱ ድካሙን አውጥቶ ሠራው፤ ትርፉንም ራሱ በላው፤ ለተራራው ንጽሕናና ለመንገዱ ደኅንነት ግን ኀላፊነት የተቀበለ ሰው አልነበረም፤ ኀላፊነትን የሚጭን ሕግም ገና አልወጣም ነበርና።

ሁለተኛው ዘመን የባቡር ዘመን ነው። ከተራራው ሥር ያለችው የላንቤሪስ ከተማ በጣሪያ ድንጋይ ቊፋሮ የታወቀች ስትሆን፥ መሬቱና የዲኖርዊክ የድንጋይ ማውጫ የአሽተን-ስሚዝ ቤተ ሰብ ርስት ነበር። ባለርስቱ ባቡር የተራራውን ውበት ያጠፋል በማለት ለብዙ ጊዜ እምቢ ብሎ ከኖረ በኋላ፥ በሌላው ወገን ያለ የባቡር ጣቢያ ስኖውደን የሚለውን ስም ይዞ እንግዶቹን ወደ ራሱ ስለ ሳበ፥ የላንቤሪስ ጥቅም እንዳይቀር ሲል ፈቀደ። በታኅሣሥ 1894 ዓ.ም. ሥራው ተጀምሮ፥ ከስዊስ አገር በተገዙ መኪናዎችና በጥርስ በሚነክስ ሐዲድ 7.5 ኪሎ ሜትር ያህል የሚወጣው መንገድ ሚያዝያ 6 ቀን 1896 ዓ.ም. ተከፈተ። በዚያው በመክፈቻው ዕለት ግን አንደኛው መኪና ቁልቁል ሲወርድ ከጥርሱ ሐዲድ ወጥቶ ወደ ገደል ስለ ወደቀ፥ ከሠረገላው የዘለለ አንድ መንገደኛ በደረሰበት ጉዳት ሞተ፤ ስለዚህ ባቡሩ እስከሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ ድረስ ሳይሠራ ቈየ። ኩባንያው በጫፉ ላይ ከነበሩት ሆቴሎች አንዱን ለመግዛት አስቦ ባይሳካለት፥ በጣቢያው ራሱ መጠጥ የሚሸጥበት ረጅም አዳራሽ አቆመ። እንዲህ ሆኖ ቀድሞ የጥቂት ብርቱዎች ዋጋ የነበረው የተራራው እይታ ለሽማግሌውም፥ ለሕፃኑም፥ እግሩ ለማይታዘዝለትም ተሰጠ፤ ይህም መልካም ነገር መሆኑን መካድ አይገባም።

በ1930ዎቹ ዓመታት ስለ ጫፉ ቤቶች መበላሸት የሚቀርበው ስሞታ እየበዛ በመሄዱ፥ በ1934 እና በ1935 ዓ.ም. ሰር ክላፍ ዊልያምስ-ኤሊስ በነደፈው ፕላን አዲስ ቤት ተሠራ። ይህ መሐንዲስ ፖርትሜሪዮን የተባለችውን መንደር ያነጸ፥ ከተሞች እየተንዛዙ የገጠሩን መልክ እንዳያበላሹ በመጽሐፍና በአደባባይ የተሟገተ፥ ብሔራዊ ፓርኮች እንዲቋቋሙም የደከመ ሰው ነበር። ነገር ግን የመሐንዲሱ ጥበብ ብቻውን ቤትን አያጸናም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጦር ሠራዊት በቤቱ ተገለገለበት፤ ከጦርነቱም በኋላ ዓመት በዓመት የሚደርሰው ዝናምና ዐውሎ ግድግዳውን ሲሸረሽረው የሚጠግነው ስላልነበረ፥ መልኩ እየጠፋ፥ ጠረኑ እየከፋ ሄደ። የዌልስ ልዑል የነበሩት፥ ዛሬ ንጉሥ የሆኑት ቻርልስ፥ በዌልስ አገር ከሁሉ ከፍ ብሎ የሚገኝ የጐስቋሎች ሰፈር ብለው እስከ መጥራት የደረሱት ይህንኑ ቤት ነው። ንግግሩ የከበደ ይመስላል፤ ነገር ግን በከበረ ቦታ ላይ የተሠራ ቤት ካልተጠበቀ፥ ቦታው በከበረ መጠን ነውሩ የባሰ እንደሚታይ በእውነት የገለጸ ቃል ነው።

ይህ በእንዲህ እንዳለ፥ ተራራ የማን ነው የሚለው ጥያቄ በአገሪቱ ሁሉ ሲያከራክር የቈየ ነበር። በ1892 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊልያም ግላድስተን በ82 ዓመት ዕድሜያቸው ወደ ስኖውደን ጎን መጥተው፥ ሰር ኤድዋርድ ዋትኪን ለሕዝብ መተላለፊያ ያሠሩትን መንገድ በመረቁ ጊዜ፥ በአንድ ዐለት ላይ ቆመው ስለ ዌልስ ሕዝብ መብት ንግግር አድርገዋል። በሚያዝያ 1932 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝ አገር ደርቢሻየር በሚባለው አውራጃ በኪንደር ስካውት ተራራ ላይ ብዙ ሠራተኞች የባለርስቶችን ክልከላ ጥሰው በመውጣታቸው፥ ከእነርሱ አምስቱ በወህኒ ተቀጡ፤ ቅጣታቸው ግን የሕዝቡን ልብ ወደ እነርሱ አዘነበለው። የዚህ ሁሉ ፍሬ የብሔራዊ ፓርኮችን ስለ ማቋቋም በ1949 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ሲሆን፥ በዚሁ ሕግ መሠረት የስኖውደን አውራጃ በ1951 ዓ.ም. በዌልስ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። መሬቱ በአብዛኛው በባለቤቶቹ እጅ ቢቀርም፥ ውበቱንና የሕዝቡን ደስታ የሚጠብቅ ባለሥልጣን ተሾመለት፤ ለባለሥልጣኑም መተዳደሪያ ከሚሰጠው መደበኛ ገንዘብ 75 ከመቶው ከመንግሥት፥ 25 ከመቶው ከአካባቢው ምክር ቤቶች እንዲወጣ ተደረገ። እንግዲህ የተራራው ጉዳይ የባለርስትና የነጋዴ ብቻ መሆኑ ቀርቶ፥ ግብር ለሚከፍለው ሁሉ የሚገባ ጉዳይ የሆነው በዚህ ጊዜ ነው።

ሕዝቡም ይህን ድርሻውን እንደሚያውቅ በ1998 ዓ.ም. አስመሰከረ። በተራራው ደቡባዊ ጎን ያለው ሃቮድ ኧ ላን የተባለው ርስት ለሽያጭ በቀረበ ጊዜ፥ ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስ ጠባቂ ማኅበር ለገዢነት ተነሥቶ ሕዝቡን ርዳታ ቢለምን፥ የዌልስ ተወላጅ የሆነው የፊልም ተዋናይ አንቶኒ ሆፕኪንስ 1 ሚሊዮን ፓውንድ ሰጠ፤ ሌሎችም በየዐቅማቸው አዋጡ፤ ርስቱም ለዘለዓለም የሕዝብ ሆኖ እንዲጠበቅ ተገዛ።

መሬቱ እንዲህ ከተጠበቀ በኋላ የጫፉ ቤት ነውር ይበልጥ ጐልቶ ታየ። ከተከራካሪዎቹ አንዳንዶቹ፥ ተራራው እግዚአብሔር እንደ ፈጠረው ባዶውን እንዲቀር አሮጌው ቤት ፈርሶ ምንም ባይተካ ይሻላል አሉ፤ ይህም የተራራን ጸጥታ ከሚወዱ ሰዎች የሚመጣ አክብሮት የሚገባው አሳብ ነው። ሌሎቹ ግን፥ ባቡሩ እስካለና በየዓመቱ በብዙ መቶ ሺህ የሚቈጠር ሰው ወደ ጫፉ እስከ ወጣ ድረስ፥ መጠለያና መጸዳጃ መከልከል ተራራውን ማክበር ሳይሆን ማርከስ ነው ብለው መለሱ። በማናቸውም አገር እንዲህ ያለ ጉዳይ በመጣ ቊጥር ደግሞ፥ ገንዘቡ ለሐኪም ቤትና ለትምህርት ቤት ቢውል አይሻልም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ጥያቄውም በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። መልሱ ግን በላንቤሪስ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። በደኅናው ዘመን ከ3,000 የሚበልጥ ሠራተኛ የነበረው የዲኖርዊክ ድንጋይ ማውጫ በ1969 ዓ.ም. ሲዘጋ፥ ለከተማዪቱ ከቀሩላት ጥቂት የእንጀራ በሮች ዋነኛው ወደ ተራራው የሚመጣው እንግዳ ነበር። ስለዚህ በጫፉ ላይ የሚወጣው ገንዘብ ለድንጋይ ብቻ የወጣ ሳይሆን፥ ከሥሩ ላሉት ለባቡር ሠራተኛው፥ ለእንግዳ ማረፊያው፥ ለባለሱቁና ለመንገድ መሪው መተዳደሪያ የወጣ ነው፤ ከዚያም የሚሰበሰበው ግብር ለሐኪም ቤቱና ለትምህርት ቤቱ ይደርሳል።

የአውሮፓ ኅብረትም ይህንኑ አሳብ በሕግ አስፍሮ፥ የነፍስ ወከፍ ምርታቸው ከኅብረቱ አማካይ ከ75 ከመቶ በታች ለሆነ አውራጃዎች ከ2000 እስከ 2006 ዓ.ም. ልዩ ርዳታ ሲሰጥ፥ ምዕራብ ዌልስ ከተረጂዎቹ አንዱ ነበር። በዚህም ምክንያት ለአዲሱ ቤት የወጣው 8.4 ሚሊዮን ፓውንድ ከአንድ ሣጥን የተቀዳ አልነበረም፤ ከኅብረቱ ርዳታ፥ ከዌልስ መንግሥትና ከቱሪዝም መሥሪያ ቤቱ፥ ከብሔራዊ ፓርኩ ባለሥልጣን፥ እንዲሁም ከባቡሩ ኩባንያ ተሰብስቦ ነው ሥራው የተፈጸመው። ነጋዴው ብቻውን በሠራ ጊዜ ትርፍ የማያመጣውን ነገር እንደሚረሳ ያለፈው መቶ ዓመት አሳይቷል፤ የመንግሥት ገንዘብ ሲገባበት ግን ሕዝቡ ጫማውን በጭቃ ለክፎ ለሚመጣው እግረኛ፥ በባቡር ለሚመጣው አረጋዊ፥ ምንም ለማይገዛውም ድኻ እኩል በሩ እንዲከፈት የመጠየቅ ሥልጣን ያገኛል። ለሕዝብ ገንዘብ መውጣት ትልቁ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

በ2006 ዓ.ም. አሮጌው ቤት ፈረሰ፤ ሬይ ሆል የተባለው መሐንዲስ የነደፈው ሥራም ተጀመረ። በዚያ ከፍታ መሥራት እንዴት ያለ ትግል እንደ ሆነ ለመረዳት፥ ሠራተኛውም፥ ብረቱም፥ ድንጋዩም የሚወጣው በዚያው በአንድ የባቡር መንገድ መሆኑን፥ በክረምት ሐዲዱ በበረዶ ሲሸፈን ሥራው እንደሚቆም፥ ነፋሱም ሰውን ከእግሩ የሚያነሣበት ቀን ብዙ መሆኑን ማሰብ ይበቃል። ከዚህ የተነሣ ቤቱ ከታሰበለት ጊዜ ዘግይቶ፥ ሰኔ 12 ቀን 2009 ዓ.ም. በዌልስ መንግሥት ቀዳማዊ ሚኒስትር በሮድሪ ሞርጋን ተመረቀ። ስሙም ሀቮድ ኤረሪ ተባለ፤ ሀቮድ በዌልስ ቋንቋ እረኞች በበጋ ከከብቶቻቸው ጋር የሚወጡበት የደጋ ቤት ሲሆን፥ ኤረሪ የአውራጃው ስም ነው። ባለቅኔው ግዊን ቶማስ ለቤቱ የጻፈው አጭር ግጥም በመግቢያውና በመስኮቶቹ ላይ ተቀርጿል። ግድግዳው ጐባጣና ዝቅ ያለ ሆኖ ከዐለቱ ጋር እንዲመሳሰል በጠንካራ ድንጋይ የተለበጠ በመሆኑ፥ ከሩቅ ለሚያየው ሰው ከተራራው ተለይቶ አይታይም።

ምረቃው ግን የታሪኩ ፍጻሜ አይደለም። ቤቱ የሚከፈተው በሞቃቱ ወራት ብቻ ነው፤ የሚያስፈልገውን ሁሉ የሚያመላልሰው ባቡሩ ስለሆነ፥ ባቡሩ ወደ ጫፉ ካልደረሰ ቤቱም ይዘጋል። የኮሮና ወረርሽኝ በ2020 ዓ.ም. ከመጣ በኋላ፥ በበሽታውና ቀጥሎ በተደረገው የሐዲድና የቤት ጥገና ምክንያት እስከ 2023 ዓ.ም. ተዘግቶ ቈየ። ከወረርሽኙ በፊት በነበሩት ዓመታት ወደ ጫፉ በእግሩ የሚወጣው ሰው በዓመት ወደ 600,000 ይጠጋ ነበርና፥ ተራራው ባለእንግዳ ሆኖ ሳለ ቤቱ መዘጋቱ፥ ቤት ከመሥራት ይልቅ ቤትን ክፍት አድርጎ ማኖር እንደሚከብድ በግልጥ ያስረዳል።

ይህን የመሰለው ነገር ለአበው እንግዳ አልነበረም። በአገራችን ቤተ ክርስቲያን የሚተክል ንጉሥ ወይም መኰንን፥ ሕንጻውን አስፈጽሞ ታቦቱን በማስገባቱ ብቻ ሥራውን እንደ ጨረሰ አይቈጥርም ነበር፤ ለጧፉና ለዕጣኑ፥ ለመሥዋዕቱ ስንዴና ለዘቢቡ፥ ለካህናቱም መተዳደሪያ የሚሆን ጉልት ይሰጣል፤ ስጦታውም በወንጌሉ ኅዳግ ላይ ተጽፎ የሚሽረው ሁሉ በግዝት እንዲታሰር ይደረጋል። ጉልት የሌለው ደብር ጥቂት ዘመን ቆይቶ ጣራው እንደሚያፈስ፥ ቅዳሴውም እንደሚቋረጥ አበው አስቀድመው ያውቁ ነበርና። ስኖውደንም በመቶ ሰባ ዓመት ውስጥ የተማረው ይህንኑ ነው፤ የ1935ቱ ቤት ጐበዝ መሐንዲስ አላጣም፤ ያጣው የዘወትር መጠበቂያ ነው።

ይህን ታሪክ ወደ አገራችን የሚያቀርበው አንድ ሰውም አለ። በ1940 ዓ.ም. በዌልስ አገር ኒዝ በተባለች ከተማ የተወለደው ክላይቭ ኒኮል፥ በ1967 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የሰሜን ተራሮች የመጀመሪያው የዱር አራዊት ጠባቂ ሹም ሆኖ እስከ 1969 ዓ.ም. አገለገለ፤ የሰሜን ብሔራዊ ፓርክም በዚያው በ1969 ዓ.ም. በሕግ ተቋቋመ። በ1978 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የቅርስ መዝገብ ሲከፈት መጀመሪያ ከተጻፉት 12 ቦታዎች አንዱ ይኸው የዋልያ፥ የቀይ ቀበሮና የጭላዳ አገር ነበር። ይሁን እንጂ በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ጠባቂዎቹ ቦታውን ለመልቀቅ ስለ ተገደዱ፥ እርሻውና ግጦሹም እየገፋ ስለ መጣ፥ በ1996 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መካከል ተቈጠረ፤ ከዚያ መዝገብ የወጣውም ከ21 ዓመት ልፋት በኋላ በ2017 ዓ.ም. ነው። የከበረ ስም በአንድ ቀን ይሰጣል፤ የሚያስከብረው ጥበቃ ግን የዘወትር ሠራተኛና የዘወትር በጀት የሚጠይቅ መሆኑን የሰሜን ተራራ ታሪክም ከስኖውደን ጋር ተባብሮ ይመሰክራል።

እንግዲህ በማናቸውም ተራራ ላይ ለእንግዶች ቤት ለመሥራት የሕዝብ ገንዘብ እንዲወጣ የሚመክሩ ሰዎች፥ ገንዘቡ መውጣት ይገባዋል ብለው ቢያምኑ፥ እኔም በዚሁ አምናለሁ፤ ተራራ የሁሉ ርስት ስለሆነ የመቀበያው ቤትም የሁሉ ሥራ ሊሆን ይገባዋልና። ነገር ግን ሕንጻውን የሚያዘው ውሳኔ በዚያው ገጽ ላይ የጣራውን ማደሻ፥ የጠባቂውን ደመወዝ፥ የመጸዳጃውን ማጽጃና የመንገዱን መጠገኛ ለሚመጡት ዓመታት ሁሉ ቈርጦ ካልመደበ፥ ለልጆቻችን የምናወርሳቸው ከሩቅ የሚታይ ፍርስራሽ መሆኑን አውቀን እንወስን። መጠበቂያውን ከመሠረቱ ድንጋይ ጋር አብሮ የሚያቆም ምክር ቤት ግን ለአገሩ ሰው እንጀራን፥ ለመንገደኛው ዕረፍትን፥ ለተራራውም ክብሩን ስለሚያቈይ፥ ግብር የከፈለው ሁሉ ያመሰግነዋል።